ሬዩኒዮንን በአንድ ቀን፦ በእሳተ ገሞራ ግርጌ የሚያልፈው መንገድ

ሬዩኒዮን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 2 ሺህ 512 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት ደሴት ናት። ከአውሮፓ እጅግ ብትርቅም የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ መገበያያዋም ዩሮ ነው። መላዋ ከውቅያኖስ ወለል ተነስቶ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ውጤት ስትሆን፣ ሁለት ታላላቅ ተራሮች አሏት። አንደኛው 3 ሺህ 70 ሜትር ከፍታ ያለው ፒቶን ዴ ኔዥ ነው፤ ይህ ከሺህ ዘመናት በፊት ያንቀላፋ ነው። ሁለተኛው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ግን በዓለም ላይ ደጋግመው ከሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች ይመደባል። ስሙም “የእቶኑ ጫፍ” እንደማለት ነው።

በባሕር ዳርቻ ደሴቲቱን የሚዞረው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ማልዶ የተነሳ መንገደኛ ከዋና ከተማዋ ከሳን ዴኒ ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ቢዞር፣ ሲመሽ በምዕራብ በኩል ይመለሳል። ተራሮቹ ረፋዱ ላይ ደመና ስለሚለብሱ ምሥራቁን በማለዳ ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምሥራቁ ዳርቻ የሸንኮራ አገዳና የቫኒላ አገር ነው። ቫኒላ የሜክሲኮ ተክል ሲሆን፣ ወደ ደሴቲቱ ከመጣ በኋላ ያብብ እንጂ እንደልብ አያፈራም ነበር። አበባው የሚከፈተው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ የሚያዳቅለው ነፍሳትም በዚያ አልነበረም። መላውን ያገኘው ኤድመን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ነው። በ1841 በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ የአበባውን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች አገናኘ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ቫኒላ የሚያለሙ ገበሬዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ የእጅ ዘዴ ነው። በደሴቲቱ ባርነት በታኅሣሥ 1848 ሲሻር ነጻ ወጣ፤ ሌሎችን ያበለጸገው ልጅ ግን በ1880 በድህነት አረፈ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲኬድ ሳንት ሮዝ ይደረሳል። በሚያዝያ 1977 እሳተ ገሞራው ከተለመደው ስፍራ ውጭ ፈነዳ። ላቫ የሚባለው ቅልጥ አለት የፒቶን ሳንት ሮዝን መንደር ቤቶች እየበላ ወረደና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ሕንጻውን በግራና በቀኝ ከቦ አለፈው። ነዋሪዎቹ አስቀድመው ስለወጡ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ ወዲህ “የላቫዋ እመቤታችን” እየተባለ ይጠራል። ጎብኚው የሚቆመው ለፎቶግራፍ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከዚህ አደጋ በኋላ በተራራው ላይ የቅኝት ጣቢያ ተቋቋመ። መሣሪያዎቹ ከምድር በታች ያለውን መንቀጥቀጥና የተራራውን ማበጥ ይለካሉ፤ ባለሥልጣናትም ምልክቱን አይተው መንገድ ይዘጋሉ፣ ሰው ያስወጣሉ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በርዕደ መሬት ሳቢያ ወገኖቻችን ከቀያቸው መነሳታቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ የዚህ ሥራ ጥቅም ማስረጃ አያሻውም።

ቀጥሎ ያለው ግራን ብሩሌ ነው፤ “ታላቁ ቃጠሎ” ማለት ነው። አብዛኛው ፍንዳታ ወደ ባሕር የሚፈሰው በዚህ ሰው አልባ ተዳፋት ነው። በሚያዝያ 2007 የወረደው ፍሰት መንገዱን ቆርጦ ባሕር ገባ፤ በዚያው ሰሞን የተራራው አፍ ወለል ከ300 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰመጠ። መንገዱ በቀዘቀዘው አለት ላይ እንደገና ተሠራ። መንገደኛው ግራና ቀኙን ሲያይ የአፈርን አፈጣጠር በደረጃ ያነባል። በአዲሱ ጥቁር አለት ላይ መጀመሪያ ግራጫ የድንጋይ ሽበት ይይዛል፤ በመቀጠል በስንጥቁ ውስጥ ፈርን፣ ከዚያም ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ በአሮጌው ፍሰት ላይ ደን ቆሟል። እሳተ ገሞራ መሬትን ያለማል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን አለቱ አፈር እስኪሆን የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ይህ ወገን ዝናብ አይጎድለውም። በጥር 1966 ዴኒዝ የተባለ አውሎ ነፋስ ባለፈ ጊዜ፣ በተራራው ላይ ፎክ ፎክ በተባለ ስፍራ በ24 ሰዓት ውስጥ 1 ሺህ 825 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለክቷል። ባሕር ዳር ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ከጥር እስከ መጋቢት የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ለጉዞ አይመከርም።

ሳን ፒዬርን አልፎ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ አገሩ ይደርቃል፤ ተራሮቹ ዝናቡን በምሥራቅ አስቀርተውታልና። ደሴቲቱ ለዚህ ያበጀችው መፍትሔ ለገበሬ አንባቢ ከማንኛውም መልክዓ ምድር ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፦ ከሳላዚና ከማፋት ሸለቆዎች የሚወጣው ውኃ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ፣ በተራራ ሥር ተሻግሮ የምዕራቡን ማሳ ያጠጣል። ማፋት ራሱ የተሽከርካሪ መንገድ የለውም፤ ነዋሪው በእግር ይወጣል፣ ከባዱ ዕቃ በሄሊኮፕተር ይገባል። በጥንት ዘመን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሸሸጊያ ነበር። እርሱን ለማየት ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

የምዕራቡ ተዳፋት ከእኛም ጋር የሚገናኝበት ነገር አለው። መገኛው የኢትዮጵያ ደን የሆነው የአረቢካ ቡና በ1715 ከየመን ወደ ደሴቲቱ ተወሰደ። ያን ጊዜ ደሴቲቱ ቡርቦን ትባል ስለነበር፣ በዚያ የለመደው ዝርያ እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ ቡርቦን ይባላል። “ሹል ቡርቦን” የሚሉት፣ ካፌይኑ አነስተኛ የሆነ ዝርያም በዚያው የተገኘ ነው፤ በጥቂት መጠን ተመርቶ በውድ ይሸጣል።

ወደ ሳን ዴኒ መመለሻው በገደልና በባሕር መካከል ነው። ከገደሉ የሚወርደው ናዳ በአሮጌው መንገድ ላይ ሰው ይገድል ስለነበር፣ 5.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በባሕሩ ላይ ተሠርቶ በ2022 ተከፈተ። የቀረው ክፍል ግን ዘገየ። ምክንያቱም ለሙሌት የሚሆን ድንጋይ መታጣቱ ነው፤ በሳን ሌ አካባቢ ሊከፈት የታሰበውን የድንጋይ ካባ ነዋሪዎች ተቃውመውታል።