ከጉልቻ እስከ አስፋልት፦ የጭስ ልቀት እንዴት ይለካል?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በይፋት ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደብረ ሲና የሚወጡ የጭነት መኪኖች፣ ባጃጆች፣ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተሮችና የየቤቱ ምድጃ ጭስ ይለቃሉ። የእያንዳንዱን ድርሻ ማወቅ መፍትሔው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል።

ልቀትና የአየር ጥራት

ልቀት ከምንጩ የሚወጣው የበካይ መጠን ሲሆን በግራም ወይም በኪሎ ግራም ይገለጻል። የአየር ጥራት ደግሞ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ የሚገኘው የበካይ ክምችት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ ክምችት ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እነዚህ ብናኞች ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡ ናቸው።

የስሌቱ መሠረት

በየጭስ ማውጫው መለኪያ መትከል ስለማይቻል፣ የተቃጠለው ነዳጅ መጠን ከአንድ ኪሎ ወይም ሊትር በሚወጣው በካይ ይባዛል። ለምሳሌ ከ1 ኪሎ እንጨት 5 ግራም ደቃቅ ብናኝ ይወጣል ቢባል፣ በቀን 6 ኪሎ የሚያነድ ቤት በቀን 30 ግራም፣ በዓመት 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይለቃል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ጭሱ ይበዛል።

ተሽከርካሪ

የናፍጣ መኪና ሲመረመር መኪናው በቆመበት ለሚሠራው ሞተር ነዳጅ ይሰጠውና ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ በመሣሪያ ይለካል። በቤንዚን ሞተር ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይመረመራሉ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በወጉ አለመቃጠሉን ያመለክታል፤ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተበላሸ ኖዝል ወይም ከመጠን በላይ ጭነት መንስኤ ሊሆን ይችላል። ጥገናው ጭሱን ብቻ ሳይሆን የነዳጅ ወጪንም ይቀንሳል።

ማጀት

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በኢትዮጵያ የተስፋፋው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ልዩነቱን በቤት ማረጋገጥ ይቻላል፦ እኩል ሊጥ በሁለቱም ምድጃ ሲጋገር፣ እንጨቱን ከመጋገሩ በፊትና በኋላ መመዘን ነው። ይህ የማገዶውን ቁጠባ እንጂ ጭሱን በቀጥታ አይለካም፤ ስለዚህ ደረቅ እንጨት መጠቀምና ለጭሱ መውጫ ማበጀት አስፈላጊ ነው።

ሕጉ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተቀመጠው ደረጃ በላይ አካባቢን መበከልን ይከለክላል። ደረጃው መከበሩ የሚታወቀውም በልኬት ነው።