«ወረ ሼህ»፤ በሰው ስም ላይ ያልሰፈረ የዘር መጠሪያ

መግቢያ

አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም ከየት እንደ መጣና ዛሬ ስንት ሰው እንደሚጠራበት መመርመር በአውሮፓ የታሪክ ጥናት ዘንድ የተለመደ ነው። እዚያ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድ፣ የጥምቀት መዝገብና የሕዝብ ቆጠራ ሰነድ እያገላበጡ ባለስሞቹን በየትውልዱ መቁጠር ይቻላል። ጥያቄው ወደ አገራችን ሲመጣ ግን ገና ከመነሻው ይሰናከላል። የኢትዮጵያዊ ስም ሁለተኛው ክፍል የአባት የተጸውዖ ስም ነው፤ ሦስተኛው የአያት። «የቤት ስም» የሚለው ሐረግ እንኳ በአማርኛ ሰው በቤተሰቡ ዘንድ የሚቆላመጥበትን ስም እንጂ የዘር መጠሪያን አያመለክትም።

ይህ ሲባል ግን ዘርን በአንድ ስም ጠቅልሎ የመጥራት ልማድ በአገራችን አልነበረም ማለት አይደለም። ዛሬ ወልድያና መርሳ በሚገኙበት በጥንቱ የየጁ ምድር የተነሣው መስፍናዊ ቤተሰብ «ወረ ሼህ» ይባል ነበር። ይህ ቤተሰብ በዘመነ መሳፍንት ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ለሰባ ዓመት ያህል የጐንደርን ነገሥታት እያነገሠና እየሻረ አገር ገዝቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስሙን አመጣጥ መመርመርና ዛሬ የት እንደሚገኝ ማመልከት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያም የሚከተለው ነው፦ «ወረ ሼህ» የአባት ስም ሊይዘው የማይችለውን ዝምድና ይይዝ ነበር፤ ስለዚህ በስም ዝርዝር ውስጥ አለመገኘቱ ዘሩ ጠፍቷል የሚያሰኝ ማስረጃ አይሆንም።

፩. ስሙና አፈጣጠሩ

ስሙ የሁለት ቋንቋ ቃላት ጥምር ነው። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን፣ የእገሌ ሰዎች ማለት ነው። «ሼህ» ደግሞ የታወቀው የዐረብኛ የማዕረግ ቃል ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «የሼሁ ቤተሰቦች» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በአማርኛ ጽሑፍ ቃሉ «ወረ ሼህ»፣ «ወረሼህ»፣ «ወረ ሴህ» እየተባለ ይጻፋል። አማርኛ የለመደ ጆሮ «ወረሰ» ከሚለው ግሥ ጋር ሊያያይዘው ይችል ይሆናል፤ ቤተሰቡም ሥልጣን ወራሽ ስለ ነበር ትርጉሙ ያስከጅላል። ነገር ግን በዚያው በወሎ የሚገኙት ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦና ወረ ሂማኖ የተባሉት ስሞች «ወረ» ራሱን የቻለ ቃል መሆኑን ያረጋግጣሉ።

ሼሁ ማን ነበሩ? የቤተሰቡ ትውፊት የዘሩን መነሻ ሼህ ዑመር ወደሚባሉ፣ ከባሕር ማዶ መጥተው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ በየጁ ወደ ሰፈሩ ሰው ይወስደዋል። ኢማሙ የሞቱት በ1535 ዓ.ም. ነው። የቤተሰቡ የመጀመሪያ ታላቅ መስፍን ራስ ዓሊ ጓንጉል ሥልጣን የያዙት በ1776 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 241 ዓመት አለ፤ አንድን ትውልድ በ30 ዓመት ብናሰላው ስምንት ትውልድ ይሆናል። ትውፊቱን በቃል የያዘው ሰው እንግዲህ የስምንት አባቶችን ስም መደርደር ነበረበት። «ወረ ሼህ» የሚለው መጠሪያ ይህን ሸክም ያቃልላል። ስምንቱን ስም የማያውቅ ሁሉ «እኔ ከወረ ሼህ ነኝ» ማለት ይችላልና።

በወሎ ዘርን በወል የመጥራት ልማድ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የወረ ሂማኖ ገዥ ቤተሰብ «መመዶች» ይባል ነበር። ይህ ከመሐመድ ስም የወጣ ሆኖ በአማርኛው የብዙ ቁጥር ምዕላድ የተበጀ ነው። አንዱ በኦሮምኛው «ወረ»፣ ሌላው በአማርኛው «ኦች» ተመሠረተ፤ የሁለቱም እምብርት ግን እስላማዊ ስም ወይም ማዕረግ ነው። የወሎ ሕዝብ ቋንቋና ሃይማኖት እንዴት እንደ ተሰናሰለ ከእነዚህ ሁለት ቃላት መረዳት ይቻላል።

፪. የአባት ስም የማይሸፍነው ዝምድና

የመሳፍንቱ ዝርዝር ሲታይ ከራስ ዓሊ ጓንጉል ቀጥሎ ወንድማቸው አሊጋዝ ጓንጉል ይገኛሉ። እስከዚህ ድረስ የአባት ስም ዝምድናውን በግልጥ ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው ከቤተሰቡ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ከገዙት መካከል ወደ ሆኑት ወደ ራስ ጉግሣ ስንደርስ ነው። ጉግሣ የጓንጉል ልጅም የልጅ ልጅም በአባት በኩል አይደሉም። አባታቸው መርሳ፣ በአንዳንድ ጽሑፍ መርሱ፣ ባሬንቱ ይባላሉ። ወደ ወረ ሼህ የሚያገናኟቸው እናታቸው ከፈይ ናቸው፤ ከፈይ የራስ ዓሊ ጓንጉል እኅት ነበሩና። «ጉግሣ መርሳ ባሬንቱ» ተብሎ ሲጻፍ ሦስቱም ስሞች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ለሥልጣን ያበቃቸውን ዝምድና አንዳቸውም አይናገሩም።

በዚህ አጋጣሚ የአባታቸው ስም ከዛሬዋ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስም ጋር መመሳሰሉን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የታሪክ ማስረጃ አይሆንም። የአያትየው ስም «ባሬንቱ» ከታላላቆቹ የኦሮሞ የዘር ክፍሎች የአንደኛው መጠሪያ ነው፤ በዚህ ረገድ ሐረጉ ወደየት እንደሚያመራ በመጠኑ ይጠቁማል።

ከጉግሣ በኋላም ነገሩ ይደገማል። ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ሲሞቱ ሦስት ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በተከታታይ ገዙ። በ1823 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸው ዓሊ አሉላ፣ ማለትም ዳግማዊ ራስ ዓሊ ተተኩ። እሳቸውም በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ ድል ሆነው የቤተሰቡ ሥልጣን አበቃ። ዘሩ ግን በሴት በኩል ቀጠለ። የራስ ጉግሣ ልጅ ወይዘሮ ሂሩት የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ኃይለ ማርያምን አግብተው ብጡልን ወለዱ፤ ብጡልም የእቴጌ ጣይቱና የራስ ወሌ አባት ናቸው። «ጣይቱ ብጡል ኃይለ ማርያም» የሚለው ሙሉ ስም የሰሜንን ቤት ይጠራል፤ የየጁን ቤት ፈጽሞ አያነሣም። ሆኖም ወንድማቸው ራስ ወሌ የጁን ሲገዙ በሰውም ዘንድ በመንግሥትም ዘንድ እንደ እንግዳ አልታዩም።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምንረዳው «ወረ ሼህ» በአባት ሐረግ ብቻ ያልተወሰነ መጠሪያ እንደ ነበረ ነው። የእኅት ልጅን ያቅፋል፤ የሴት ልጅን ልጅ አይጥልም። የአውሮፓው የቤተሰብ ስም በአብዛኛው የማያደርገው ይህንን ነው።

፫. ተመላላሽ ስሞች

የወል መጠሪያው ከግለሰቡ ስም ጋር ካልተጻፈ፣ ቤተሰቡ ማንነቱን በስም የሚገልጥበት ሌላ ዘዴ ነበረውን? ነበረው። ይኸውም የቀደመውን ሰው ስም ለኋለኛው መስጠት ነው። የመጀመሪያው ራስ ዓሊ ከሞቱ በኋላ ዓሊ የሚለው ስም በዳግማዊ ራስ ዓሊ ተመለሰ። ጉግሣ የሚለውም ስም በራስ ወሌ ብጡል ልጅ በራስ ጉግሣ ወሌ ተመለሰ። ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩት፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የሞቱት ናቸው። በሁለቱ ጉግሣዎች ሞት መካከል 105 ዓመት አለ፤ በሐረጉም በመካከል ሂሩት፣ ብጡልና ወሌ አሉ። ስሙ በአባት ስምነት ሊደርስ የማይችለውን ርቀት በተጸውዖ ስምነት ዘለለው።

ይህ ዘዴ ግን ለአጥኚ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ ስሙ የአንድ ቤት ብቻ ሀብት አለመሆኑ ነው። በትግራይም ራስ ጉግሣ አርአያ ሥላሴ ነበሩ፤ ከወረ ሼህ ሐረግ የወጡ ግን አይደሉም። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው ብዙ ስም ያለው መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እንደ ጻፈው ራስ ጉግሣ ወልደ ሚካኤል የሚል የክርስትና ስም ነበራቸው። ከመመዶች ወገን የሆኑት ኢማም መሐመድ ዓሊም በ1870 ዓ.ም. ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። «ኢያሱ ሚካኤል ዓሊ» ብለን ስንጽፍ አያትየው ዓሊ ገና ይታያሉ። አንድ ትውልድ ሲጨመር ግን ዓሊም ይወድቃሉ፤ «መመዶች» ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም።

፬. በምድር ላይ የቀሩ ስሞች

ከሰው ስም ያልተጻፉት የዘር መጠሪያዎች አንዳንዶቹ በመሬት ላይ ተጽፈው ቀሩ። ወረ ኢሉና ወረ ባቦ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን የወረዳ ስሞች ናቸው። ነዋሪው በየማመልከቻው ላይ ስሙን ሲጽፍ የማያነሣውን «ወረ» አድራሻውን ሲጽፍ ያነሣዋል። «ወረ ሼህ» ይህ ዕድል አልገጠመውም፤ በስሙ የሚጠራ ወረዳ የለም። የቤተሰቡ አገር «የጁ» እንኳ በቀድሞው አስተዳደር የአውራጃ ስም ሆኖ ከቆየ በኋላ ዛሬ ከአስተዳደር ካርታ ላይ ወጥቷል። በቦታው ያሉት ሐብሩን፣ ጉባ ላፍቶንና ሌሎችን የመሳሰሉ የሰሜን ወሎ ወረዳዎች ናቸው። «የጁ» በሰው አፍ፣ በዘፈንና በታሪክ መጻሕፍት ይኖራል፤ «ወረ ሼህ» ደግሞ በታሪክ መጻሕፍትና የዘር ቆጠራ በሚያውቁ ሽማግሌዎች ዘንድ።

፭. ብዛቱን መቁጠር ይቻላልን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ስለ ስም ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም ይኖረዋል። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቢሰፍርም ልማዱን አልለወጠም። የክብር መዝገብን የሚመለከተው የሕጉ ክፍልም ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በተግባር የሚመዘገበውም ሦስቱ ስም፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው።

የዚህን ውጤት በምሳሌ እንመልከት። ጉግሣ የተባለ ሰው ልጁን ይማም፣ ይማም ልጁን ዓሊ፣ ዓሊም ልጁን ሁሴን ቢል፣ በመዝገብ ላይ የምናገኘው «ይማም ጉግሣ»፣ «ዓሊ ይማም ጉግሣ» እና «ሁሴን ዓሊ ይማም» ይሆናል። ጉግሣ በሁሴን ላይ ጠፋ። ስለዚህ በመርሳ ወይም በወልድያ መዝገብ ላይ «ጉግሣ» በሦስተኛ ስምነት ስንት ጊዜ ተጻፈ ብለን ብንቆጥር የምናገኘው ቁጥር የዘሩን ብዛት አይነግረንም። የሚነግረን ከሁለት ትውልድ በፊት ጉግሣ የተባሉ ሰዎች ስንት የልጅ ልጅ እንዳላቸው ብቻ ነው።

እንግሊዛውያኑ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1874 የቤተሰብ ስሞች ለምን እንደሚጠፉ በሒሳብ መርምረዋል። ወንድ ልጅ ሳይወልዱ የሚሞቱ ሰዎች በየትውልዱ ስለሚኖሩ ስሙ በአጋጣሚ ይመነምናል። በእኛ አገር ግን ማንኛውም ስም፣ ባለቤቱ ዐሥር ወንድ ልጅ ቢኖረውም፣ በአራተኛው ትውልድ በደንብ ይወርዳል። እዚያ የስም መጥፋት የዘር መጥፋት ምልክት ነው፤ እዚህ አይደለም።

በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። አይስላንድ የአባትን ስም የመያዝ ልማዷን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከልክላለች። ቱርክ ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1934 ዜጋዋ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በሕግ አስገድዳለች። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቱርክን መንገድ ሳይመርጡ የገቡበት ይመስላል። በባዕድ አገር ቅጽ ላይ በመጨረሻ የተጻፈው የአባት ወይም የአያት ስም ለልጅም ለልጅ ልጅም ሳይለወጥ ሲወርድ፣ ለጉዞ የተሞላ አንድ ወረቀት የቤተሰብ ስም ይፈጥራል። ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ስም ይዞ ወደ መርሳ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ የሚፈልገው ስም የዘሩ መጠሪያ ሳይሆን ቅጹ በተሞላበት ቀን የአንድ አያት ስም የነበረ መሆኑን ማወቅ ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

አማርኛ የትውልድን ርቀት የሚለካው «ቤት» በሚለው ቃል ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ መዝገቡ ግን የሚይዘው ሦስት ስም ነው። የቀረውን አራት ቤት እስከ አሁን ይዞ የኖረው የሰው ቃል ነው። በርስት ሥርዓት ይህ ቆጠራ ጥቅም ነበረው፤ ባለርስት በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ መሬት ይጠይቅበት ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቆጠራው ይህን ተግባሩን አጣ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው አራተኛ አያቱን የማወቅ ግዴታ የለበትም። ወረቀትም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ የተካሄደው ጦርነት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ያደረሰው ውድመት ለዚህ ምስክር ነው።

ስለዚህ የወረ ሼህን የዛሬ ብዛት ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ከስም ዝርዝር መጀመር የለበትም። በመርሳ፣ በግራናና በወልድያ አካባቢ የዘር ቆጠራ ከሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄዶ ሐረጉን ከነተናጋሪው፣ ከተነገረበት ቀንና ቦታ ጋር መመዝገብ ይጠበቅበታል። በተለይ የእናትን ወገን ነጥሎ መጠየቅ አለበት፤ ከፈይና ሂሩት ባይጠየቁ ኖሮ ጉግሣ የመርሳ ልጅ፣ ጣይቱም የብጡል ልጅ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር። እናቶችን የሚጠይቅ የስም ጥናት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን በቀላል ወጪ ሊሠሩት የሚችሉት፣ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሊሠራ የሚገባው ነው።