ኪዮቶን ለመጎብኘት ሲታቀድ፡ ወቅቱ፣ ሰዓቱ እና ከከተማዋ ጀርባ ያለው ማሳ

ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ፣ የጃፓን ንጉሠ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌሎች የሀገሪቱ ትልልቅ ከተሞች በቦምብ ሲጋዩ እርሷ በአብዛኛው ተርፋለች። ዩኔስኮ በ1994 በኪዮቶ እና በአጎራባቾቿ በኡጂና በኦትሱ የሚገኙ 17 ሥፍራዎችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሀብት ዛሬ ለከተማዋ ነዋሪ ሸክምም ሆኗል። ነዋሪው ወደ ሥራውና ወደ ሐኪም ቤት የሚሳፈርበት አውቶቡስ በጎብኝና በሻንጣ ይሞላል። አስተዳደሩ ጎብኝውን ወደ ባቡር ለመሳብ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ቲኬት ሽያጭን በ2023 አቁሟል፤ በ2024 ደግሞ ወደ ታዋቂ ሥፍራዎች የሚጓዙ ፈጣን የጎብኝ አውቶቡሶችን አሰማርቷል። ጊዮን በተባለው ጥንታዊ ሠፈር የባህላዊ ኪነ ጥበብ ባለሙያ ሴቶችን ካሜራ ይዞ የሚያሳድደው ሰው በመብዛቱ፣ የግል ይዞታ የሆኑ ጠባብ መተላለፊያዎች በ2024 ለጎብኝ ተዘግተዋል። ጥሶ የገባ 10 ሺህ የን እንደሚቀጣ የሚገልጽ ማስታወቂያም ተሰቅሏል። ስለዚህ ወደ ኪዮቶ የሚሄድ ሰው እቅዱን ሲያወጣ ከመቅደሶቹ ቁጥር አስቀድሞ ወቅቱንና ሰዓቱን ማሰብ ይኖርበታል።

የቼሪ አበባ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ወሩ ማብቂያ ይፈካል። የሜፕል ቅጠል ደግሞ በኅዳር ይቀላል። መጨናነቁ የሚከፋው፣ የመኝታ ዋጋም የሚንረው በእነዚሁ ሁለት ወቅቶች ነው። ሁለቱም ለኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሳውያን ተጓዦች ሌላ ጉዳይ ያስነሳሉ፤ የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር፣ ሁለተኛው በከፊል ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማልና። የጃፓን ምግብ አትክልት ብቻ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተዘጋጀ ነው። መፍትሔው ግን በከተማዋ ውስጥ አለ። ሾጂን ርዮሪ የሚባለው የመነኮሳት ምግብ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የለበትም፤ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ይወጣል፤ ዋና ይዘቱም ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ እና የወቅቱ አትክልት ነው። በአንዳንድ የዜን ቤተ መቅደሶች ቅጥር ውስጥ ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ማስያዝን ይጠይቃል።

ሰዓትን በተመለከተ ማለዳን የሚተካከል የለም። ኪዮሚዙ ደራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ከመሬት 13 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ምስማር የተገጣጠመው፣ በ1633 የታነጸው የእንጨት ሰገነቱ በዚያ ሰዓት ገና ጸጥ ያለ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ ደግሞ ሌሊትም አይዘጋም፤ ክፍያም የለውም። እዚህ ብዙው ሰው በሺህ የሚቆጠሩትን ቀያይ በሮች ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ኢናሪ ግን ከሁሉ በፊት የሩዝ አምላክ ነው፤ በየመንገዱ ከቆሙት የቀበሮ ሐውልቶች አንዳንዶቹ በአፋቸው የሩዝ ነዶ፣ አንዳንዶቹ የጎተራ ቁልፍ ይዘዋል። የነጋዴዎች ስጦታ የሆኑት በሮች የገበሬውን አምላክ ሸፍነውታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተራራው 233 ሜትር ሲሆን፣ ከግማሹ በላይ የሚወጣ ሰው ግርግሩን ከኋላው ይተዋል።

ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ማስያዝን የሚጠይቁ ሥፍራዎችም አሉ። በአትክልት ሥፍራ ጥበቡ የሚደነቀው የካትሱራ ቤተ መንግሥት ዋነኛው ነው። በሣር ሽበቱ በታወቀው ሳይሆ ጂ ጎብኝው ወደ አትክልት ሥፍራው ከመዝለቁ በፊት የቡድሂዝም ጸሎትን በብሩሽ እንዲገለብጥ የሚደረግበት ልማድ አለ። ወርቅ ቅቡ ኪንካኩ ጂ ግን በ1950 ተቃጥሎ በ1955 እንደገና የተሠራ በመሆኑ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ቢያልፈው ብዙ አይጎዳም።

ከበዓላቱ የሚልቀው የጊዮን ማትሱሪ ነው። በ869 ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ለምሕላ እንደተጀመረ ይነገራል። ሐምሌ 10 እና ሐምሌ 17 ግዙፍ የእንጨት ሠረገሎች በጎዳና ይጎተታሉ። ትልልቆቹ እስከ 12 ቶን ይመዝናሉ፤ ቁመታቸው ከጫፍ እንጨታቸው ጋር እስከ 25 ሜትር ይደርሳል፤ አካላቸው የሚታሰረውም በምስማር ሳይሆን በገለባ ገመድ ነው። ጎማቸው ወደ ጎን ስለማይዞር፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከሥር ይነጠፋል፣ ውኃ ይረጫል፣ ከዚያም በሰው ጉልበት ተንሸራተው ይዞራሉ። ለመመልከት ከሁሉ የተሻለው ቦታ ይኸው መታጠፊያ ነው። ወሩ ሞቃትና ወበቃማ በመሆኑ ጥላና ውኃ አይረሳም።

የሻይ ሥርዓትን በአንድ ሰዓት የሚያስተምሩ ቤቶች በከተማዋ ሞልተዋል። ሥርዓቱን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተካከለው ሴን ኖ ሪክዩ ሲሆን፣ ከዘሩ የወጡት ሦስት ትምህርት ቤቶች ዛሬም መቀመጫቸው ኪዮቶ ነው። ሥርዓቱን የተካፈለ ሰው በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ ወደማይፈጀው ኡጂ ቢወርድ በሲኒው ያለው ከየት እንደመጣ ያያል። ገበሬዎቹ የለቀማው ወቅት ከመድረሱ በፊት የሻይ ተክሉን ለሳምንታት ከፀሐይ ይጋርዱታል። ጥላው የቅጠሉን ምሬት ይቀንሳል፣ አረንጓዴነቱን ያደምቃል። ለቀማው የሚጀምረው በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት በስሎ ሳይጠቀለል ይደርቃል፤ ጅማቱ ተለይቶ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት 40 ግራም ያህል ብቻ ያወጣል፤ የማቻ ዋጋ ለምን እንደሚወደድ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በ1053 የታነጸው፣ በ10 የን ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የብዮዶ ኢን አዳራሽም በዚያው ይገኛል።

አንድ ቀን የተረፈው ተጓዥ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሚያማ ቢወጣ ይመከራል። በዚያ ወደ 40 የሚጠጉ የሣር ክዳን ቤቶች ይገኛሉ፤ በብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ክዳኑን ከእሳት ለመከላከል በየቤቱ አቅራቢያ የውኃ መርጫ ተተክሏል። ሩዝ የሚበቅለው ከደጃፍ በመሆኑ በማሳ ድንበር ላይ መረማመድና ወደ ግቢ መዝለቅ ነውር ነው። ወደዚያ የሚሄደው የሕዝብ ማመላለሻ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የመመለሻው ሰዓት ከመነሳት በፊት መረጋገጥ አለበት።