የመምህሩ ሸክምና የዲሬክተሩ ድርሻ

ስለ አገራችን ትምህርት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቈጥረው የተከፈቱትን ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎቹን ብዛት ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልመለከተው የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መምህሩን በዕለት ሥራው ማን ያግዘው እንደ ነበረ ነው።

በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አያስተምሩም ነበር። ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ታናሹን ያስጠናዋል፤ በቅኔ ቤትም አስነጋሪው ለጀማሪዎቹ ግሱን ያስነግራል። የኔታም ማርክ አይደምሩም፤ የተማሪያቸውን ዕውቀት በጆሯቸው ሰምተው ያውቁት ነበርና።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብጻውያን መምህራን ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ በክፍለ ጊዜና በፈተና የሚመራው ትምህርት እየተስፋፋ ሄደ። ታላቁ ታናሹን የሚያስጠናበት ልማድ ግን ከክፍሉ በር ውጭ ቀረ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቶች በገጠር ሲበዙ በብዙ ስፍራ በፈረቃ ማስተማር ተለመደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎም ተከታታይ ምዘና ወደ ክፍል ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሰባ ልጆች ባሉበት ክፍል ምዘና ማለት ሰባ ደብተር ወደ ቤት ተሸክሞ መሄድ ማለት ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ምድቤ በሁለት ፈረቃ አስተምር ነበር፤ የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲደርስ ሮስተር ስሠራ ይነጋብኛል። አንድ ጊዜ ታምሜ ሦስት ቀን ብቀር፥ ስመለስ ዲሬክተሩ የጠየቁኝ ስለ ሮስተሩ እንጂ ስለ ጤንነቴ አልነበረም።

በማግሥቱ ዓመት የተተኩት ዲሬክተር ሌላ ሰው ነበሩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረውን ስብሰባ አንድ አደረጉት፤ ከወረዳ የሚመጣውን ቅጽ ራሳቸው ሞሉት፤ በፈተና ሰሞን እኛ ማርክ ስንደምር እርሳቸው ጠመኔ ይዘው ክፍላችን ገቡ። (ያን ጊዜ የቅኔ ቤቱን አስነጋሪ አሰብሁ።) ደመወዛችን አልተጨመረም፤ የተማሪውም ቍጥር አልቀነሰም። ሆኖም በዚያ ዓመት ዝውውር የጠየቀ መምህር አልነበረም።

ዛሬ በማሠልጠኛው ለዕጩ መምህራን የትምህርት ዕቅድ አጻጻፍን አስተምራለሁ። ሥራን ከአለቃ ጋር መካፈል ስለሚቻልበት መንገድ ግን በመማሪያችን አንድም ምዕራፍ የለም። እኒያ ዲሬክተርም ከማንም ተምረውት አልነበረም፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ከማስተማር አልተለዩም።