አማካሪም ተዋዋይም፦ አልፍሬድ ኢልግ እና የምድር ባቡሩ ውል



በዓለም አቀፍ የንግድ ድርድር ሁለት ባህል የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ «ድልድይ» ይባላል። ይህ ስያሜ የሚሰውረው ነገር እንዳለ በአንድ ውል ታሪክ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ዘመናቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አልፍሬድ ኢልግ ዙሪክ የተማረ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነበር። በ1879 ሸዋ ገብቶ አማርኛ ለመደ፤ የምኒልክም ባለሟል ሆነ። የአውሮፓን አሠራር ለቤተ መንግሥቱ፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ ደግሞ ለአውሮፓውያን ያስረዳ ነበር። በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጠው።

ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት መብት ለ99 ዓመታት የሰጡት በ1894 ነበር። ተቀባዩ ራሱ ኢልግ ነው። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዮን ሼፍኑ ጋር ሆኖም በ1896 ኩባንያውን አቋቋመ። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪና የውሉ ባለመብት አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው።

ኢልግ አገሪቱን ከዳ ማለቴ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እርሱ ያስረዳውን ማን መልሶ ይመረምር ነበር? ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። በየካቲት 1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ድጎማ አገኘ፤ በምላሹም መንግሥቱ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን ያዘ። መብቱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ግን በስምምነቱ አልተካፈሉም። ምኒልክ ተቆጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድም ለዓመታት እዚያው ቆመ።

አዲስ ውል የተፈረመው በ1908 ነው። ተቀባዩ ዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ነበር፤ የጓድሉፕ ተወላጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ሐኪም። ኩባንያው ተለወጠ፤ በቤተ መንግሥቱ ታማኝ ሰው በኩል የመዋዋሉ ልማድ ግን አልተለወጠም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ቋንቋና ወግ ማወቅ መታመንን ያስገኛል፤ መታመን ግን የቁጥጥርን ቦታ አይተካም። ምኒልክ ብልህ ተደራዳሪ ነበሩ። የጎደላቸው የፓሪስን ሰነድ በራሱ ዐይን አንብቦ «ይህ አንቀጽ እንዲህ ያስከትላል» የሚላቸው፣ ከጥቅሙም የራቀ ሁለተኛ ሰው ነበር።

ከእናንተ መካከል ውጭ አገር ተምራችሁ ወይም ኖራችሁ በድርድር ጠረጴዛ የምትቀመጡ ትኖራላችሁ። ለማን እንደምትሠሩና በውሉ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ በግልጽ ተናገሩ። መሥሪያ ቤቶቻችንም የቱንም ያህል ቢያምኗችሁ ሁለተኛ አንባቢ ይመድቡ።