በሩን ሳይዘጋ ወሰን ያበጀ አባት



የኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያን ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። ከውትድርና በወጣሁ ሰሞን መጠጥ ይዞኝ፣ እናቴን ሰድቤ ከቤት ወጣሁ። ሁለት ዓመት አልደወልኩም፤ የደወልኩት ሲቸግረኝ ነው። አባቴ ጣቢያው ድረስ መጣ። ዳቦና ሻይ ገዛልኝ፤ ገንዘብ ግን አልሰጠኝም። «እናትህን ይቅርታ ሳትጠይቅ ቤቴ አታድርም። የጠየቅህ ዕለት በሩ ክፍት ነው» ብሎኝ ተሳፍሮ ሄደ።

ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ታሪካችንን ሳነብ ገባኝ።

እ.ኤ.አ. በ1860 ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ቤተ እስራኤልን መስበክ ጀመረ። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ክርስትና ተነሡ። አባቶቻችን «አትንኩኝ» የሚባል የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸውና ከተጠመቀው ጋር በአንድ ማዕድ አይበሉም ነበር። ግን መመለሻ ነበረው፤ ጾሞ፣ ታጥቦ ይገባል። ወሰኑ ቤቱን መጠበቂያ እንጂ ልጅን መጣያ አልነበረም።

በክርስቲያኖቹም መጽሐፍ፣ በሉቃስ 15፣ የጠፋው ልጅ አባት ሩቅ አገር ድረስ ገንዘብ አልላከም፤ ሲመለስ ግን ሮጦ አቀፈው።

የመንግሥት ወሰን ሌላ ነው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ፣ የተጠማቂዎቹ ዘሮች፣ ፈላሽ ሙራ የተባሉት፣ አዲስ አበባ ቀሩ። ስንት እናት እዚህ፣ ስንት ልጅ እዚያ ሆኖ ዓመታት አለፉ! እነሱ ያልበደሉትን በምን ይቅርታ ይመለሱ?

እኔ ግን መንገዱ ነበረኝ። ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ብየዳ ተማርኩ፣ መጠጡን ተውኩ፣ እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ። ቡና እያፈላች ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ወሰን አብጁ፤ መመለሻውን ግን ለልጃችሁ ንገሩት።