በሽተኛን በቤቱ ማስታመም፦ ከሩፈይዳ ድንኳን እስከ ጤና ኤክስቴንሽን

ዛሬ ስለ ማስታመም ታሪክ ጥቂት እንነጋገራለን።

በሂጅራ 5ኛው ዓመት፣ በኸንደቅ ዘመቻ፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዱ ላይ በቀስት ቆሰለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው ይጠይቁት ዘንድ በመስጊዳቸው በተተከለ ድንኳን እንዲተኛ አደረጉ። በዚያ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ) ነበረች። ሰዕድ በቁስሉ ምክንያት ሞተ፤ ነገር ግን ሐኪምና ጠያቂ ሳይለዩት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በሉማሜ ዙሪያ ባሉ የጎጃም ደጋ ቀበሌዎች በሽተኛ በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ፣ ከደጀን ደብረ ማርቆስ ወደሚወስደው አውራ ጎዳና ይወጣ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር መንገዱ ተገለበጠ፤ ጤና ባለሙያዋ ወደ በሽተኛው ቤት መጣች። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ የአካባቢው ሴቶች 1 ዓመት ሠልጥነው በየገጠር ቀበሌው 2 ሁለት ሆነው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ በጽኑ የታመሙትን ነርሶች በቤታቸው ሕመም ያስታግሱላቸው ጀመር።

ሆኖም ቤት መምጣት ብቻውን በቂ አይደለም። ኤድስ በበረታበት ዘመን፣ ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊትም በኋላም፣ አስታማሚ በራቸው ላይ ከታየ ጎረቤት ያወራብናል ብለው የሠጉ ነበሩ። አስቀድሞ «እንዴት ልምጣልህ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ዛሬ ስኳርና ደም ግፊት በየቤታችን ገብተዋል። ጤና ጣቢያው አንድ ይላል፤ ዘመድ ሌላ ይላል፤ ጠያቂ ደግሞ ጣፋጭ ይዞ ይመጣል። ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ልጅ ወይም ሚስት ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ እኛ ምን እናድርግ? የሕክምና ካርዱንና መድኃኒቱን አንድ ቦታ እናስቀምጥ። ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናሳውቅ። አስታማሚዋን በተራ እናሳርፋት። ዚያራችንን እናሳጥር። ከሁሉ በፊት ግን በሽተኛውን ራሱን እንጠይቀው፤ ሕመሙ የእርሱ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻችንን ያበርታልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።